አፉን የገጠመ ልጅ ጥርስ እንዴት ይቦረሻል?

የሁለት ዓመት ልጅ እጁን ሊያስታጥቡት ሲሉ ይሮጣል፤ ጫማ ሊያደርጉለት ሲሉ እግሩን ያጥፋል። እጅን ይዞ ማጠብ፣ እግርን ይዞ ጫማ ማጥለቅ ግን ይቻላል። አፍ ባለቤቱ ካልከፈተው አይከፈትም፤ ልጁም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ማታ ማታ በየቤቱ የሚነሳው የብሩሽ ጠብ አብዛኛውን ጊዜ የሥልጣን ጥያቄ ነው። ወላጅ «ጥርስ ይቦረሻል» የምትለዋን አንዲት ትልቅ ውሳኔ ለራሱ አስቀርቶ ትንንሾቹን በሙሉ ለልጁ ከተወለት ጠቡ በብዙ ይረግባል። ከዚህ በታች ያለው አሠራር በሙሉ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው።

አያት ያለችበት ቤት ደግሞ ከጓዳ ድምፅ ይሰማል። «ተይው እንጂ ልጄ፤ ነገ ለሚወልቅ ጥርስ ልጁን ታስለቅሺዋለሽ?» ከርኅራኄ የመጣ ንግግር ነው፤ ስሌቱ ግን ልክ አይደለም። 20ዎቹ የወተት ጥርሶች በ6 ወር አካባቢ ብቅ ማለት ጀምረው በ3 ዓመት ግድም ይሞላሉ። የፊቶቹ በ6 እና በ7 ዓመት ቢወልቁም የኋላ መንጋጋዎቹ እስከ 10 እና 12 ዓመት ያገለግላሉ። ሽፋናቸው ከአዋቂ ጥርስ የሳሳ ስለሆነ መበላት ከጀመሩ ቶሎ ይቦረቦራሉ። ያለጊዜያቸው ሲነቀሉ ደግሞ አጠገባቸው ያሉት ጥርሶች ወደ ክፍተቱ ያዘነብሉና ከሥር የሚመጣው ቋሚ ጥርስ መውጫ ያጣል።

ዕቃው

ብሩሹ አናቱ ትንሽ፣ ፀጉሩ ለስላሳ ይሁን። ሁለት መግዛት ይሻላል፤ አንዱ ልጁ የሚይዘውና የሚያኝከው፣ ሌላው ሥራው የሚሠራበት። ፀጉሩ ሲጎባብጥ ወይም ሦስት አራት ወር ሲሞላው ይቀየራል፤ የሚታኘከው ብሩሽ ቀድሞ እንደሚያልቅ የታወቀ ነው። የወይራ መፋቂያ ለአያት መልካም ነው፤ ለሕፃን ድድ ግን ይጠነክራል፤ ስንጥሩም ይወጋል።

የጥርስ ሳሙናው ጉዳይ ትንሽ ሰፋ ይላል። የሚንት ጣዕም ለአዋቂ ምላስ ይቀዘቅዛል፤ ለሕፃን ምላስ ግን ይለበልባል። «ያቃጥላል» ብሎ ፊቱን የሚያዞር ልጅ ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው፤ የእንጆሪ ጣዕም ያለው ወይም ጭራሹን ጣዕም የሌለው ሲቀርብለት እምቢታው በዚያው የሚያበቃ ልጅ አለ። ጣዕሙ ቢቀየርም ጥርስን ከመበላት የሚጠብቀው ፍሎራይድ መቅረት የለበትም፤ ጀርባው ላይ 1000 ፒፒኤም ገደማ የሚል ቢሆን ጥሩ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ፍሎራይድ ያለውን የጥርስ ሳሙና ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ማስገባቱ ያለ ምክንያት አይደለም። መጠኑ ግን ማስታወቂያ ላይ እንደሚታየው ብሩሹን ከዳር እስከ ዳር የሚሸፍን ሳይሆን፣ ከ3 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት ላለው የአተር ፍሬ የምታህል ናት። ይህችን ታህል ልጁ ቢውጣት አያሰጋም። ስለዚህም መጉመጥመጥ አያስፈልግም፤ የሚችል ልጅ አረፋውን ይተፋል፣ የማይችለው በጨርቅ ይጠረግለታል። ውሃ የጠፋበት ቀን እንግዲህ ሰበብ አይሆንም፤ ብሩሹን ለማርጠብ ከጆጉ ጥቂት ጠብታ ይበቃል።

በስምጥ ሸለቆ ለሚኖር ወላጅ ተጨማሪ ነገር አለ። በወንጂና በመተሐራ አካባቢ የጉድጓድ ውሃ የፍሎራይድ መጠኑ ለመጠጥ ከተቀመጠው ጣሪያ፣ ማለትም በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም፣ በላይ ሆኖ መገኘቱ ከጥንት የታወቀ ነው፤ የብዙ ነዋሪ ጥርስ የበለዘውም በዚሁ ነው። እዚያ የሚያድግ ልጅ ወላጅ ስለ ሳሙናው ዓይነትና መጠን ጥርስ ሐኪም ቢያማክር ይመረጣል። ልጁ ቱቦውን እየመጠጠ እንዳይጫወት መጠበቅ ግን የትም ቢሆን ግድ ነው።

ሰዓቱና ቦታው

በብዙ ቤት ጥርስ የሚፋቀው ጠዋት ነው። ለሕፃን ግን የማታው ይበልጣል፤ ሲተኛ ምራቁ ስለሚቀንስ ጥርሱ ላይ ያደረውን ስኳር የሚያጥብለት የለም። ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው ሰዓቱ ላይ ነው፤ ልጁ ዓይኑን እያሸ፣ በእንቅልፍና በብስጭት መሐል ሳለ ብሩሽ ይመጣበታል። እራት እንደተበላ፣ ገና ለጨዋታ አቅም ሳለው ቢቦረሽ ይሻላል። ከዚያ በኋላ አፉ ውስጥ የሚገባው ውሃ ብቻ ይሆናል። ወተት ወይም ስኳር ያለው ሻይ የተሞላ ጡጦ ይዞ መተኛት የላይኞቹን የፊት ጥርሶች የሚያበላሽ ዋነኛው ነገር ነው፤ የታችኞቹን ምላስና ምራቅ ይጋርዱላቸዋል። የሚጣፍጥ የሳል ሽሮፕም ከመቦረሹ በፊት ይሰጥ።

የግድ መታጠቢያ ቤት ይሁን የሚል ሕግ ግን የለም። እንዲያውም እዚያ ቆሞ ፊት ለፊት መቦረሽ ለጠብ የተመቸ ነው፤ ብሩሹ ሲቀርብ ልጁ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ያሸሻል፣ እናት ትከተላለች፣ ሩጫው ይጀመራል። ይልቁንስ ወላጅ ፍራሽ ወይም ምንጣፍ ላይ ቁጭ ይልና ልጁ በጀርባው ተጋድሞ ጭንቅላቱን የወላጁ ጭን ላይ ያሳርፋል። እንዲህ ሲሆን ጭንቅላቱ የሚሸሽበት የለም፤ አፉም ከላይ ወለል ብሎ ይታያል። ሁለት አዋቂ ካለ ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ይቀመጣሉ፤ ልጁ ጭናቸው ላይ ይጋደማል፣ አንዱ እጆቹን ይዞ ያጫውተዋል፣ ሌላው ይቦርሻል። ጥርስ ሐኪሞችም ሕፃን ሲያዩ የሚጠቀሙበት አቀማመጥ ይኸው ነው።

ለብዙ እምቢታ መነሻ ሆና ሳለ ልብ የማትባል ነገር ደግሞ አለች። የላይኛው ከንፈር ገለጥ ሲደረግ መሐል ላይ ከንፈሩን ከድዱ ጋር የምታያይዝ ቀጭን የሥጋ ክር ትታያለች። የብሩሹ ጠርዝ እሷን ከገጨ ክፉኛ ያማል፤ አንዴ የተገጨ ልጅ በማግስቱ ብሩሹን ሲያይ ከንፈሩን ቢነክስ አይፈረድበትም። መላው ቀላል ነው። ብሩሽ ያልያዘው እጅ አመልካች ጣት ከንፈሩን ገለጥ አድርጎ ክሯ ላይ ያርፋል፤ ብሩሹ ሲያልፍ የሚነካው ጣቱን ይሆናል። ብሩሹ ወደ ድዱ ጋደል ብሎ፣ እርሳስ እንደሚያዝ በጣቶች ጫፍ ተይዞ፣ በትንንሽ ክብ ይዞራል። በሙሉ እጅ ጨብጦ ወዲያና ወዲህ መፈግፈግ ድድ ያቆስላል። የላይኞቹ የፊት ጥርሶች ከድዱ ሥር፣ ቀጥሎ የመንጋጋዎቹ አናት፣ ከዚያ የቀረው፤ በዚህ ቅደም ተከተል ከተሄደ ልጁ በ30 ሴኮንድ ቢያምፅ እንኳ ዋናው ሥራ ተሠርቷል። ሁለት ደቂቃ የሚፈቅድ ልጅ ካለ እሰየው።

ቃላቱ

«ጥርስህን እንቦርሽ?» ተብሎ አይጠየቅም፤ መልሱ ይታወቃላ። «በቀዩ ነው በአረንጓዴው?» «ከላይ እንጀምር ከታች?» «እማዬ ትቦርሽህ አባዬ?» ይባላል። ልጁ የትኛውንም ቢመርጥ መጨረሻው አንድ ነው፤ የመረጠው ግን እሱ ነው።

ጨዋታ ከማባበል በላይ ይሠራል። የእራቱን ምግብ በየስሙ እየጠሩ ማሳደድ ሞኝነት ይመስላል፤ ግን አፍ ያስከፍታል። «ኧረ! ድንቹ እዚህ ተደብቋል! ሩዟስ ወዴት ሮጠች? ያዝኳት!» እየተባለ መንጋጋው ሲቦረሽ ልጁ ራሱ «ካሮትስ?» እያለ ጥጉን ይከፍታል። ለሌላው አዞ መሆን፣ ለሌላው የራሱ ስም የገባበት የቤት ውስጥ ዜማ ይስማማዋል። አስቀድሞ የእናቱን ወይም የአሻንጉሊቱን ጥርስ እንዲቦርሽ ማድረግም ጥሩ ነው። ስልክ ላይ የሚታይ ቪዲዮ ይሠራል፤ ግን ቪዲዮው ያልተከፈተ ቀን ሌላ ጠብ ይጀመራል፤ ለመጨረሻ አማራጭነት ማቆየቱ ይሻላል።

«እኔ ራሴ!» የሚል ልጅ ደግሞ ተራ ይሰጠዋል፤ መጀመሪያ እሱ፣ ቀጥሎ አዋቂው። ተራው የሚቀያየርበት ምልክት፣ ለምሳሌ እስከ አሥር መቁጠር፣ በየቀኑ አንድ ዓይነት ቢሆን ክርክር ይቀንሳል። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም እንደሚባለው የእሱ መቦረሽ ብቻውን አይበቃም፤ ጥርሱን በደንብ የሚያጸዳ እጅ የሚኖረው 7 ወይም 8 ዓመት ሲሆነው ነው። ብሩሹን ሲይዝ ግን ቁጭ ብሎ ብቻ ይሁን፤ አፉ ውስጥ አድርጎ ሲሮጥ የወደቀ ልጅ ላንቃው ሊቀደድ ይችላል።

«እምቢ ካልክ ሐኪሙ መርፌ ይወጋሃል» የሚለው ማስፈራሪያ ለዛሬ ማታ ሊሠራ ይችላል፤ ግን ነገ ሐኪም ቤት በር ላይ የሚነሳው ለቅሶ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ከረሜላ መሸለም ደግሞ የተቦረሸውን መልሶ ማበላሸት ነው፤ ተጨማሪ አንድ ተረት ይበቃል።

ምንም የማይሠራበት ቀን

እንዲህ ያለ ቀን ለማንም አይቀርም። መጀመሪያ ድዱ ይታይ፤ የፊተኞቹ መንጋጋዎች ከ13 እስከ 19 ወር፣ የመጨረሻዎቹ ከ23 እስከ 33 ወር ባለው ጊዜ ሲወጡ ድድ ያብጣል፣ ብሩሽም ያማል። ያን ሰሞን ያበጠውን ቦታ በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ጠርጎ ሌላውን መቦረሽ ይቻላል። ሕመም ከሌለና እልህ ብቻ ከሆነ ሳይቆጡ፣ ሳይደራደሩም፣ ጭን ላይ ጋደም አድርጎ እስከ ሃያ እየቆጠሩ ዋና ዋናውን መቦረሽና ማቀፍ ነው። የሚያለቅስ ልጅ አፉ ክፍት መሆኑ፣ ወላጅን የማያስደስት ቢሆንም፣ ሥራውን ያፋጥናል። ዛሬ አልቅሷል ተብሎ ከተተወ ግን ልጁ ነገ ምን ማድረግ እንዳለበት ተምሯል።

በወር አንድ ጊዜ ከንፈሩን ገልጦ በመብራት ማየት ልማድ ይሁን። ከድዱ ጠርዝ ላይ ኖራ የመሰለ ነጭ መስመር ከታየ መበላቱ እየጀመረ ነው፤ ገና ስላልተቦረቦረ በፍሎራይድና በጥሩ አያያዝ ሊመለስ ይችላል። ወደ ቡናማ ከዞረ ወይም ልጁ በአንድ ጎኑ ብቻ ማኘክ ከጀመረ ሐኪም ጋ መሄድ ነው። አሜሪካ ያሉ የሕፃናት ጥርስ ሐኪሞች የመጀመሪያው ጉብኝት አንድ ዓመት ሳይሞላው እንዲሆን ይመክራሉ፤ እዚያ ልጅ የሚያሳድጉ ቤተሰቦች ከሕፃናት ሐኪማቸው ይህንኑ ይሰማሉ።

ልጁ ብሩሹን ለምዶ ወላጅ እፎይ ሲል፣ በ6 ዓመት አካባቢ፣ ከመጨረሻው የወተት መንጋጋ ጀርባ ቋሚ መንጋጋ ይወጣል። ለእሱ ቦታ የሚለቅ ጥርስ ስለሌለ ብዙ ሰው የወተት ጥርስ ይመስለዋል፤ ከሌሎቹም ዝቅ ብሎ ስለሚጀምር ብሩሽ ዘሎት ያልፋል። ያን ሰሞን ብሩሹ ከጉንጩ በኩል አግድም ገብቶ የጥርሱን አናት ለብቻው መቦረሽ አለበት፤ ይህ ደግሞ የልጁ ሳይሆን የወላጁ እጅ ሥራ ነው።