የአባቴ ባለ ቫልቭ ሬዲዮ

ጥያቄ፦ አባቴ ትተውልኝ የሄዱት ባለ ቫልቭ ሬዲዮ ለብዙ ዓመታት ሳይከፈት ቆይቷል። ሶኬት ላይ ልሰካው? (ከጉለሌ)

መልስ፦ እባክዎ አይሰኩት! መጀመሪያ የቮልት መምረጫው 220 ላይ መሆኑን ይዩ፤ 110 ላይ ከሆነ ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል። ቫልቮቹ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ናቸው። የሚያረጁት ካፓሲተሮቹ ናቸውና ቮልታቸው እኩል ወይም ከፍ ባለ አዲስ ያስቀይሯቸው። ሲሞከር ባለ ክር አምፖል በመስመሩ መካከል ይግባ፤ ደምቆ ከቀረ ሾርት አለ ማለት ነው። ሬዲዮው ከተነቀለ በኋላም ከ200 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል ውስጡን ባለሙያ ይንካው።

የጣቢያ ስም የተጻፈበትን መስታወት ግን አደራ፣ ከጀርባው በፈሳሽ አይጥረጉት! ጽሑፉ ከለቀቀ አይተካም። የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ በ1955 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር ያደመጠ ሬዲዮ ሊሆን ይችላልና ክብር ይገባዋል። የኤፍ ኤም መስመር ከሌለው ግን ኤፍ ኤም አዲስ 97.1ን አይዝም።