ሞያሌ ለሁለት ቀን፦ ናይሮቢ ለሚማሩና ለጓደኞቻቸው

ናይሮቢ የሚማር ኢትዮጵያዊ ረጅም የዕረፍት ቀን ሲመጣ «ወዴት እንሂድ?» ቢባል መጀመሪያ የሚጠራው ሞምባሳን ነው፤ ኪሱ ከሳሳ ናይቫሻን። ሞያሌን የሚያነሳ አይገኝም። አብዛኛው ሰው ከተማዋን የሚያውቃት ፓስፖርቱን አስመትቶ ወደ ያቤሎና ሐዋሳ የሚሄድ መኪና ለመያዝ ሲሮጥ ነው። እርግጥ ባሕር የላትም፣ ሙዚየም የላትም፣ ፎቶ የሚነሱበት ሐውልትም የለም። ነገር ግን አንድ ከተማ በሁለት መንግሥት ሥር እንዴት እንደሚያድር ማየት ለሚፈልግ በአውቶቡስ የአንድ ሌሊት መንገድ ላይ ያለች ጥሩ ትምህርት ቤት ናት። ከጓደኞቻችሁ መካከል ኬንያዊ ካለ ደግሞ ይበልጥ ያምራል፤ ቅዳሜ እሱ ጋባዥ እናንተ እንግዳ፣ እሁድ ተራው ይገለበጣል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው፦ እንጀራ ናፈቀኝ ብላችሁ ከአውቶቡስ እንደወረዳችሁ ድንበሩን አትሻገሩ። የኬንያው ሞያሌም አንድ ሙሉ ቀን ይገባዋል።

መቼና እንዴት

ከናይሮቢ ሞያሌ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የማታው አውቶቡስ አብዛኛውን ጊዜ ከኢስሊ ተነስቶ ጠዋት ያደርሳችኋል፤ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በላይ መቀመጥ ስላለ ዓርብ ማታ ሄዶ ሰኞ ጠዋት ክፍል መግባት ለጤነኛ ሰው አይመከርም። ሰኞ ወይም ዓርብ በዓል የሚውልበትን ሳምንት ጠብቁ። የኬንያ ሕዝባዊ በዓላት በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆኑ ቀናቸው አይዋዥቅም፦ ማዳራካ ጁን 1፣ ማሹጃ ኦክቶበር 20፣ ጃምሁሪ ዲሴምበር 12። እሁድ ከዋሉ ሰኞም ዝግ ነው። እኔ የምመርጠው ማዳራካን ነው፤ ከማርች እስከ ሜይ የሚጥለው ዝናብ አልፎ ሜዳው ገና አረንጓዴ የሚሆንበት ወቅት ስለሆነ።

ይህ ጉዞ ለቅዳሜና እሁድ የሚታሰብ መሆኑ ራሱ አዲስ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 2010ዎቹ አጋማሽ ድረስ ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አብዛኛው ኮረኮንችና አቧራ ነበር። ሰው በጭነት መኪና ላይ፣ አንዳንዴ ከከብቱ በላይ ከብረቱ ተንጠልጥሎ፣ በታጠቀ አጃቢ ቀናት ይፈጅበት ነበር። የሰሜን ኬንያ ሰዎች ወደ ናይሮቢ ሲሄዱ «ወደ ኬንያ ልሄድ ነው» ይሉ የነበረው በቀልድ ብቻ አልነበረም።

የሰዓት ነገር ብዙ ተማሪ አውቶቡስ አስመልጧል። በስዋሂሊ የሚነገራችሁ ሰዓት ልክ እንደ እኛው ነው፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ካሏችሁ የእናንተው አንድ ሰዓት ነው። ትኬቱ ላይ የታተመው ግን 7፡00 ይላል። ድንበሩን ስትሻገሩ ደግሞ ትኬት ላይ የሚጻፈው ቀን በእኛ አቆጣጠር ሊሆን ስለሚችል ኬንያዊ ጓደኛችሁ ብቻውን ትኬት እንዳይቆርጥ።

ወረቀት፣ ወረቀት፣ አሁንም ወረቀት

የኢትዮጵያና የኬንያ ዜጎች አንዱ ወደ ሌላው አገር ያለ ቪዛ እንዲገባ የሚያስችል የቆየ ስምምነት አለ። ይህ ማለት ግን ያለ ፓስፖርትና ያለ ማኅተም ይገባል ማለት አይደለም። የኬንያ የመግቢያ አሠራር ከ2024 ወዲህ ተደጋግሞ ስለተለወጠ ከመነሳታችሁ በፊት አዲሱን መመሪያ አንብቡ። በተማሪ ፈቃድ የምትኖሩ ከሆነ ከአገር ወጥታችሁ ስትመለሱ ምን እንደሚጠየቅ የትምህርት ቤታችሁን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ዋናውን ፈቃድ፣ የተማሪ መታወቂያውንና የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱን ያዙ። ፈቃዱ ያለፈበት ጓደኛ ካለ ይቅር። ሌላ ጊዜ ይሄዳል። ከሁለቱም አገር ውጭ የሆነ ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ በኢንተርኔት የተሰጠው የኢትዮጵያ ቪዛ በየብስ በር ያስገባው እንደሆነ ናይሮቢ ካለው ኤምባሲያችን ያረጋግጥ፤ ድንበር ላይ ቆሞ መከራከር ዋጋ የለውም።

ይህን ያህል የማስጠነቅቀው በምክንያት ነው። ሞያሌ በደላላ ተመርተው ወደ ደቡብ አፍሪካ ለመድረስ የሚነሱ ወጣቶቻችን የሚያልፉባት በር ናት። ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ባሉት ኬላዎች ፖሊስ አውቶቡስ ውስጥ ገብቶ የፊታችሁን መልክ አይቶ ብቻ «ፓስፖርት» ሲላችሁ እያሰበ ያለው ስለዚያ መንገድ ነው። መልሱ ቁጣ አይደለም፣ ማኅተሙ ያለበትን ገጽ ገልጦ መስጠት ነው። ከጎናችሁ የተቀመጠ የማታውቁት ልጅ «ወንድሜ ነው በልልኝ» ቢላችሁ አንጀት ይበላል፤ ውሃና ዳቦ ስጡት፣ ዘመድ ነኝ ብሎ መፈረም ግን እሱንም አያድነው እናንተንም ያሳስራል። የሰው ዕቃ አድርሱልኝ የሚል ካጋጠማችሁም መልሱ ያው ነው።

ሌላው ወጥመድ ይበልጥ የዋህ ይመስላል። ዘንቢል ያንጠለጠሉ እናቶች፣ ደብተር የያዙ ልጆች፣ ፍየል የሚነዱ ሰዎች ከዚህ ወዲያ ከወዲያ ወዲህ ሲመላለሱ ታያላችሁ፤ የሚጠይቃቸውም ያለ አይመስልም። እነሱ የአገሩ ሰዎች ናቸው፣ ዘመዳቸውም ገበያቸውም በሁለቱም በኩል ነው። እናንተ ግን ተከትላችሁ እንዳትሻገሩ። ያለ ማኅተም የጠጣችሁት ማኪያቶ ማርሳቢት ላይ ያስጠይቃችኋል።

የይለፍ ሥራው የሚሠራው የኬንያው ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታና ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 በመረቁት የአንድ ማቆሚያ የድንበር ኬላ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ የሁለቱም አገር ሠራተኞች አንድ ሕንፃ ውስጥ ስለሚቀመጡ መውጫውንም መግቢያውንም በምትገቡበት አገር በኩል ባለው ሕንፃ ታስመታላችሁ። ከመስኮቱ ሳትርቁ ሁለቱንም ማኅተም ቁጠሩ። የሥራ ሰዓቱንም ጠይቁና ሳይመሽ ጨርሱ።

በሩ ላይ ትንሽ ቆማችሁ መኪኖቹን ተመልከቱ። ኬንያ በግራ ይነዳል፣ ኢትዮጵያ በቀኝ፤ ተሳቢ የጫነ ሾፌር መስመሩን ሲቀይር እግረኛው ወዴት ማየት እንዳለበት ይጠፋበታል። ፎቶ ግን ከኬላው፣ ከፖሊስና ከወታደር ርቃችሁ አንሱ።

ፌስታል የለመደ እጅ ደግሞ ይጠንቀቅ። ኬንያ የፕላስቲክ መያዣ ከረጢት እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2017 ጀምሮ ከልክላለች፤ ከወዲያ በርበሬና ሽሮ ይዛችሁ ስትመለሱ የጨርቅ ቦርሳ ያስፈልጋችኋል።

ቅዳሜ፣ ወዲህ ማዶ

ጠዋት ስትደርሱ መጀመሪያ ሻይ። የግመል ወተት ያለበትን ጠይቁ። አርብቶ አደሮቹ የወተት ዕቃቸውን በእንጨት ጭስ ስለሚያጥኑት ሻዩ ጭስ ጭስ ይላል፤ የመጀመሪያው ፉት ያስደነግጣል፣ ሁለተኛው ብርጭቆ ይታዘዛል። ከጎኑ ቻፓቲ ወይም ማሃምሪ ይመጣል። ማረፊያ ስትይዙ ስለ ዋይፋይ ሳይሆን ስለ ውሃ ጠይቁ፤ ከተማው በውሃ እጥረት የታወቀ ነው፣ በጀሪካን የተቀዳውን ውሃ እንደ ናይሮቢ ሻወር አታፍስሱት።

ቀጥሎ የከብት ገበያው ነው፤ የሚቆምበትን ቀን አስቀድማችሁ ለማወቅ ሞክሩ። የቦረና ከብት በመላው ኬንያ ስም ያለው ዘር ነው። የላይኪፒያ ትልልቅ እርሻዎች የሚኮሩበት ቦራን የተባለው ከብት መነሻው ከዚሁ ምድር ነው። ከዋጋው ይልቅ ሰዎቹን ተመልከቱ። የሶማሌ ነጋዴዎች ባሉበት ገበያ ሁለት ሰዎች እጃቸውን በጨርቅ ሸፍነው ተጨባብጠው ዝም ብለው ቆመው ልታዩ ትችላላችሁ። ጨርቁ ስር ጣቶቻቸው እየተከራከሩ ነው፤ ዋጋው የሚነገረው በመንካት ስለሆነ አጠገባቸው የቆመ ሌላ ገዢ አንዲት ሽልንግ አይሰማም። ደላላው እዚህም ደላላ ነው፣ ስሙም ሥራውም አልተቀየረም።

ከቦረናና ከሶማሌ ሌላ ጋብራ፣ ገሪ፣ ሳኩዬና ቡርጂ በዚህች ከተማ ይኖራሉ። ቡርጂዎቹን ልብ በሉ፤ ከእኛው ቡርጂ ተነስተው ሞያሌና ማርሳቢት የሰፈሩ፣ በንግድና በእርሻ የታወቁ ሕዝቦች ናቸው። ከናንተ መካከል ኦሮምኛ የሚናገር ካለ ዛሬ የቡድኑ መሪ እሱ ነው፤ ስዋሂሊ ካላችሁም ችግር የለም፣ አማርኛ የሚሰማ ነጋዴም አይጠፋም። ከተማው በብዛት ሙስሊም ስለሆነ አለባበስ ረጋ ያለ ይሁን፤ በረመዳን ከመጣችሁ ቀን ቀን አደባባይ ላይ አትብሉ።

ከሰዓት ወደ ኮረብታው ስትወጡ ታሪኩን ይዛችሁ ውጡ። ድንበሩ በምኒልክና በእንግሊዞች መካከል የተወሰነው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው። እንግሊዞቹ እዚህ የሠሩት ምሽግ በአዲስ አበባ በነበረው መልእክተኛቸው ስም ፎርት ሃሪንግተን ይባል ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በጁላይ 1940፣ ጣሊያን ከበበው፤ ውስጥ የነበሩት የእንግሊዝ ቅኝ ጦር (ኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ) ወታደሮች በሌሊት ሾልከው ወጡ። በፌብሩዋሪ 1941 ከደቡብ አፍሪካ ጦር ጋር የተሰለፉ የኢትዮጵያ ታጣቂዎች መልሰው ያዙት። ዛሬ ሻይ የምትጠጡባት ይህች ከተማ በስምንት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ እጅ ቀይራለች። ነፃ ኬንያና የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥታዊ መንግሥት ድንበሩን እንደገና በውል ያጸኑት እ.ኤ.አ. በ1970 ነበር።

ገንዘብ በኬንያ በኩል አያስቸግርም፤ ኤምፔሳ ከጉሊት እስከ ቦዳቦዳ ይሠራል። ብር ለመያዝ ግን ባንክ ግቡ፤ ጎዳና ላይ የሚጠራችሁ መንዛሪ ብዙ ነው፣ ሕጉ ግን ከጎናችሁ አይቆምም።

እሁድ፣ ወዲያ ማዶ

ጠዋት ተሻገሩ። እዚህ ጋ ጋባዦቹ እናንተ ናችሁ፤ ኬንያዊው ጓደኛችሁ ሱኩማ ዊኪ በኡጋሊ ያበላችሁን ያህል ዛሬ በሽሮና በጥብስ ይካሳል። ቡናው እስከ በረካ ይጠበቅ፤ ለናይሮቢ ልጅ ለአንድ ቡና ይህን ያህል መቀመጥ ራሱ ጉብኝት ነው። የቦረና ቤት የመጋበዝ ዕድል ካገኛችሁ ቡና ቀላን አትለፉ፦ የቡናው ፍሬ ከነገለፈቱ በቅቤ ተጠብሶ የሚቀርብ፣ ምርቃት የማይለየው መስተንግዶ ነው። ከሚጠጣው ቡና ጋር አታወዳድሩት፣ ሌላ ነገር ነው።

በኢትዮጵያው ሞያሌ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ከተማው የኦሮሚያም የሶማሌም ክልል አስተዳደር ያለበት፣ የይገባኛል ጥያቄው ለዓመታት ደም ያፋሰሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በቦረናና በገሪ መካከል በተነሳው ግጭት፣ በማርች 2018 ደግሞ ወታደሮች ሲቪሎችን ከገደሉ በኋላ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ኬንያ ተሰደዋል። ቡና ላይ «ለመሆኑ ከተማው የማን ነው?» የሚል ጥያቄ ለእናንተ የውይይት ርዕስ ነው፣ ለአጠገባችሁ ሰው ግን የወንድም ሞት ሊሆን ይችላል። ከመነሳታችሁ በፊትም የሰሞኑን ጸጥታ እዚያ ከሚኖር ሰው ጠይቁ፤ ካልተመቸ ጉዞው ይተላለፍ።

በዚህ ቀን ወደ ኤል ሶድ የጨው ሐይቅ ወይም ወደ ዱብሉቅ ኤላዎች (ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች) እንድረስ የሚል ይነሳል። መንገዱ ከሜጋ ከተማም ያልፋል፤ ሳይመሽ ለመመለስ ስትሮጡ የምታዩት ነገር አይኖርም። ለሴሚስተር ዕረፍት አቆዩት።

መመለሻ

ስትሄዱ በሌሊት ያለፋችሁትን አገር ስትመለሱ በቀን እዩት፤ ትኬቱን በዋዜማው ቁረጡና የንጋቱን አውቶቡስ ያዙ። ሶሎሎን አልፎ ከቱርቢ እስከ ቡቢሳ ያለው ዲዳ ገልገሉ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተዘራበት ሜዳ ነው፤ ዓይን እስኪደክም ዛፍ አታዩም። ከዚያ ድንገት ማርሳቢት፣ ጉምና ደን። አንድ ቀን የተረፋችሁ እዚህ እደሩ፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ጎፍ ሬዶ የተባለው የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ በእግር ይደረሳል፣ ፓርኩ ውስጥ ደግሞ ፓራዳይዝ ሐይቅ አለ። ጆሞ ኬንያታ በ1970 በልዩ ትእዛዝ ያስጠበቁት ጥርሰ ረጅሙ ዝሆን አሕመድ የኖረው በዚህ ደን ነው። በ1974 ሞተ፤ አጽሙን ናይሮቢ ሙዚየም ስትመለሱ ታዩታላችሁ።

ከኢሲዮሎ በኋላ አውቶቡሱ በናንዩኪ በኩል ከሄደ የኬንያ ተራራ በግራ ስለሆነ ወንበር ስትመርጡ አስቡበት፤ ከሰዓት በኋላ ደመና ስለሚጋርደው ግን እርግጠኛ አትሁኑ። ኢስሊ የምትደርሱት መሽቶ ነው። ሻንጣ ተሸክማችሁ ወደ ማታቱ ከመሄድ ተዋጥታችሁ አንድ ታክሲ ያዙ።