ጭሱ ከየት መጣ? በስልካችሁ ማየት ትችላላችሁ

በጋ ሲገባ እዚህ ጉንችሬ «ዶክተር፣ ልጄ ማታ ማታ ያስለዋል፤ ብርድ ይሆን?» የሚለኝ ወላጅ ይበዛል። አንዳንዴ ምክንያቱ ብርድ ሳይሆን ጭስ ነው። ማሳ ሲጸዳ ወይም ቆላው ላይ ደረቅ ሣር ሲቃጠል ጭሱ በንፋስ ተጉዞ ከተማ ይገባል።

እሳቱ የት እንዳለ ለማየት ናሳ «ፈርምስ» የሚባል ነፃ ካርታ አለው። በስልካችሁ ክፈቱና አካባቢያችሁን አጉልታችሁ እዩ። ቀይ ነጥብ ማለት ሳተላይቱ ከዙሪያው የተለየ ሙቀት ያየበት ቦታ ነው። መረጃው ሳተላይቱ ካለፈ በኋላ በ3 ሰዓት ገደማ ውስጥ ይወጣል።

ሦስት ነገር ግን ልብ በሉ፦

1. ነጥቡ እሳቱን እንጂ ጭሱን አያሳይም። ጭሱ ንፋስ ወደወሰደው ይሄዳል። ስለዚህ ንፋሱ ከነጥቡ ወደ እናንተ እየነፈሰ መሆኑን እዩ።

2. ነጥብ የለም ማለት ጭስ የለም ማለት አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ፓርክን ያቃጠለው ዓይነት እሳት ለቀናት ስለሚነድ ከላይ ይታያል። የማሳ እሳት ግን ትንሽ ነው። «ቪርስ» የሚባለው መሣሪያ የሚያልፈው ቀንና ሌሊት 7 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው፤ አመሻሽ ላይ ተለኩሶ የጠፋ እሳት ሊያመልጠው ይችላል። ደመናም ይጋርደዋል።

3. ሳተላይት ማድ ቤታችሁን አያይም። የእንጨት ጭስም ያው ሳንባ ውስጥ ነው የሚገባው።

አሁን ዋናው ነገር! የውጭ አገር ምክር «ጭስ ሲኖር በርና መስኮት ዝጉ» ይላል። ልክ ነው፤ ግን ከሰል ለማይነድበት ቤት። በተዘጋ ቤት ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ አይታይም፣ አይሸትም፣ ይገድላል። ቡናውንም ወጡንም ውጭ ጨርሱ፤ ከሰሉን እዚያው ትታችሁ ግቡና ያኔ ዝጉ።

ነጠላ አፍንጫ ላይ መሸፈን አቧራ ቢቀንስም የጭሱን ደቃቅ ብናኝ አያስቆምም፤ ኤን 95 ማስክ ይሻላል። አስም ያለባችሁ የምትነፉትን መድኃኒት ከእጃችሁ አትለዩ።

ልጅ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ መጥባት ካቃተው ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ነገ አትበሉ፤ አሁኑኑ ጤና ተቋም ውሰዱት። ትንፋሹንም ተረጋግቶ እያለ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ፦ ከ2 ወር በታች 60፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 ከደረሰ ፈጣን ነው፤ መታየት አለበት።

ትንንሽ ልጅ ላለው ሰው ሼር አድርጉለት።