የስም ዝርዝር እንደ ጥናት ምንጭ፤ የኒውፖርት ጃዝ ፌስቲቫል ከያንያን ከ1954 ወዲህ

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ አጭር ጽሑፍ በአሜሪካ በሮድ አይላንድ ግዛት፣ በኒውፖርት ከተማ ከ1954 ጀምሮ በሞቃታማዎቹ የበጋ ወራት ሲካሄድ የኖረውን የጃዝ ፌስቲቫል በአብነት ወስዶ፣ የከያንያን የስም ዝርዝር ለሙዚቃ ታሪክ ጥናት ያለውን ጥቅምና ገደብ ይመረምራል። ዝርዝሩ አስተማማኝ ምንጭ የሚሆነው ከዝርዝሩ ከቀሩት ስሞች፣ ከድምፅና ከፊልም ቅጂዎች እንዲሁም በአንጻሩ ከተቋቋሙ መድረኮች ጋር ሲነጻጸር ብቻ እንደ ሆነ ይከራከራል። ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተገለጹ ናቸው።

1. መግቢያ

የአንድን ሙዚቃ ፌስቲቫል ታሪክ ለመጻፍ የተነሣ ተመራማሪ በመጀመሪያ የሚያገኘው ሰነድ አብዛኛውን ጊዜ የከያንያን ስም ዝርዝር ነው። ዓመቱ፣ ቀኑና የሙዚቀኛው ስም በተርታ ሰፍረው ሲታዩ ታሪኩ ተጽፎ ያለቀ ይመስላል። ይሁን እንጂ ዝርዝሩ በቅድሚያ የሚነግረን ማን እንደ ተጋበዘ እንጂ በመድረኩ ላይ ምን እንደ ተፈጸመ አይደለም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ዝርዝር ፊት ሦስት ጥያቄዎች ሊቀርቡ ይገባል። ስሙ ሳይታተም የተጫወተ ማን ነው? የተቀዳው ከተደመጠው ጋር ምን ያህል ይስማማል? ከዝርዝሩ ውጭ መቆምን የመረጠስ ማን ነው?

2. መነሻው

ኒውፖርት ባለጸጎች የበጋን ወራት የሚያሳልፉባት የባሕር ዳርቻ ከተማ ነበረች። ፌስቲቫሉን ለመመሥረት ሐሳቡን ያመነጩትና ገንዘብ ያዋጡት የከተማዋ ነዋሪዎች ኢሌይንና ሉዊ ሎሪላርድ ሲሆኑ፣ ዝግጅቱን የመራው በቦስተን ስቶሪቪል የተባለ የጃዝ ክበብ የነበረው ፒያኖ ተጫዋች ጆርጅ ዊን ነው። በጁላይ 1954 በኒውፖርት ካዚኖ ቅጥር ግቢ በተከፈተው የመጀመሪያው ፌስቲቫል ቢሊ ሆሊዴይ፣ ኤላ ፊትዝጄራልድ፣ ዲዚ ጊሌስፒ፣ ኦስካር ፒተርሰንና ጄሪ መሊጋን ተገኝተዋል። በዚያ ዘመን በምሽት ክበብ ይደመጥ የነበረው ጥቁር አሜሪካውያን የፈጠሩት ሙዚቃ በዚህች ከተማ በአደባባይ መቅረቡ በራሱ ማኅበራዊ ትርጉም ነበረው። ዝርዝሩም ከመነሻው ጀምሮ ጃዝ ማለት ምን እንደ ሆነ የሚበይን ሰነድ ሆነ።

3. ያልታተመው ስም

በ1955 ፌስቲቫሉ ወደ ፍሪቦዲ ፓርክ ተዛወረ። በዚያ ዓመት ትራምፔት ተጫዋቹ ማይልስ ዴቪስ በመጨረሻው ሰዓት ታክሎ ከቴሎኒየስ መንክ፣ ከጄሪ መሊጋንና ከዙት ሲምስ ጋር ወደ መድረክ ወጣ። ስሙ አስቀድሞ በታተመው መርሐ ግብር ላይ አልነበረም። ሆኖም የዓመቱ ታላቅ ክስተት ሆኖ የሚታወሰው የእርሱ ጨዋታ ነው። የመንክን «ራውንድ ሚድናይት» የተጫወተበት መንገድ የኮሎምቢያ ሙዚቃ ኩባንያን ትኩረት ስቦ ውል እስከ መፈራረም አድርሶታል። የታተመውን መርሐ ግብር ብቻ የሚከተል ተመራማሪ ግን የዚያን ዓመት ዋና ጉዳይ ሳያየው ያልፋል።

4. የተደመጠውና የተቀዳው

ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጥ ረቂቅ ነው። በጁላይ 7 ቀን 1956 ምሽት የዱክ ኤሊንግተን ኦርኬስትራ በ1937 የተደረሰውን «ዲሚኑዌንዶ ኤንድ ክሬሴንዶ ኢን ብሉ» አቀረበ። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ሳክስፎን ተጫዋቹ ፖል ጎንሳልቬስ ብቻውን ወጥቶ ሃያ ሰባት ዙር ያለማቋረጥ ተጫወተ፤ ታዳሚውም ከመቀመጫው ተነሥቶ ይጨፍር ጀመር። ዝናው ቀዝቅዞ የነበረው ኤሊንግተን በዚያው ዓመት በኦገስት ወር የታይም መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣ፤ አልበሙም በሥራ ዘመኑ እጅግ ከተሸጡት አንዱ ሆነ።

ለዓሥርት ዓመታት አድማጩ የዚያ ምሽት ምስክር አድርጎ የያዘው አልበም ግን በከፊል በስቱዲዮ ውስጥ እንደገና የተሠራና ጭብጨባ የተጨመረበት ነበር። ጎንሳልቬስም በመድረኩ ላይ የተጫወተው ወደ ኮሎምቢያ ሳይሆን ወደ አሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ ማይክሮፎን ስለ ነበር በኩባንያው ቅጂ ድምፁ ርቆ ይሰማ ነበር። የሬዲዮ ጣቢያው ቅጂ በ1990ዎቹ ተገኝቶ ሁለቱ ቅጂዎች በ1999 እትም ሲጣመሩ የምሽቱ እውነተኛ ጨዋታ ሊደመጥ ቻለ። እዚህ ላይ የስም ዝርዝሩ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው በዝርዝሩ ሥር የተቀመጠው ማስረጃ ነው።

ፊልምም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻል። በርት ስተርን የ1958ቱን ፌስቲቫል የቀረጸበት «ጃዝ ኦን ኤ ሰመርስ ዴይ» የማሃሊያ ጃክሰንን፣ የሉዊ አርምስትሮንግን፣ የአኒታ ኦዴይንና የቸክ ቤሪን መድረክ ለትውልድ አቆይቷል። በዚያው ዓመት የተጫወቱት ኤሊንግተንና ዴቪስ ግን በፊልሙ ውስጥ አይታዩም። ፊልሙ ከዝርዝሩ የተመረጠ ሌላ ዝርዝር ነው ማለት ይቻላል።

5. ተቃራኒው ዝርዝር

የ1960 ፌስቲቫል ሦስተኛውን ጥያቄ ያስነሣል። ቤዝ ተጫዋቹ ቻርልስ ሚንገስና ድራም ተጫዋቹ ማክስ ሮች ፌስቲቫሉ ለንግድ አድልቷል፣ የሙዚቀኞች ክፍያም ፍትሐዊ አይደለም በሚል በዚያችው ከተማ፣ በክሊፍ ዎክ ማኖር የራሳቸውን ፌስቲቫል አቋቋሙ። ኦርኔት ኮልማን፣ ኮልማን ሃውኪንስና ጆ ጆንስ አብረዋቸው ቆሙ። የአሮጌውና የአዲሱ ስልት ተወካዮች በአንድ ጎራ መገኘታቸው ልዩነቱ የዕድሜ ወይም የስልት ሳይሆን የሥራና የመብት እንደ ነበር ያመለክታል።

በዚያው ሰሞን በዋናው ፌስቲቫል መግቢያ ያጡ ወጣቶች ሁከት አስነሥተው የግዛቲቱ ብሔራዊ ዘብ ተጠራ፤ የከተማው ምክር ቤትም የቀሩትን ዝግጅቶች ሰረዘ። በጁላይ 3 ቀን የቀረበው የብሉዝ መርሐ ግብር የዚያ ዓመት መዝጊያ ሆነ። መዲ ዋተርስ ያን ዕለት የተጫወተው ዛሬም በአልበም ይደመጣል። ስለዚህ የ1960ን ዝርዝር የሚያዘጋጅ ተመራማሪ ሦስት ዓምዶች ያስፈልጉታል፦ የታቀዱት፣ የተጫወቱትና ተቃውመው ሌላ መድረክ የሠሩት።

6. ዝርዝሩ ሲሰፋ

በ1969 ዊን የሮክና የሶል ከያንያንን ጨመረ፤ ሌድ ዜፕሊን፣ ጄትሮ ተል፣ ስላይ ኤንድ ዘ ፋሚሊ ስቶንና ጄምስ ብራውን ከጃዝ ሙዚቀኞች ጎን ተሰለፉ። የታዳሚው ቁጥር ቢበዛም የከተማዋ አቅምና የአዘጋጆቹ ቁጥጥር ተፈተነ። በ1970 ለሉዊ አርምስትሮንግ ክብር የተዘጋጀው ምሽት ዝርዝሩን ወደ ጃዝ ሥሮች የመለሰ ነበር፤ አርምስትሮንግም በቀጣዩ ዓመት ዐረፈ። በጁላይ 1971 ዲዮን ዋርዊክ በምትዘፍንበት ምሽት ከአጥሩ ውጭ የነበረው ሕዝብ አጥሩን ጥሶ ገባ፤ ፌስቲቫሉም ተቋረጠ። በ1972 ወደ ኒውዮርክ ተሰደደ፤ በ1981 ወደ ኒውፖርት፣ ወደ ፎርት አዳምስ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ የስፖንሰር ኩባንያዎች ስም ከፌስቲቫሉ ስም ጋር ተያይዞ መጠራቱ የተለመደ ሆነ፤ በኋላም ዝግጅቱ ለትርፍ ባልተቋቋመ ድርጅት ሥር ገባ። ከ2017 ጀምሮ የኪነ ጥበብ ዳይሬክተሩ ቤዝ ተጫዋቹ ክርስቲያን ማክብራይድ ነው። ዊን በ2021 በ95 ዓመቱ ዐርፏል። በ1960 የመራጭነት ሥልጣንን የተቃወሙት ሙዚቀኞች ነበሩ፤ ዛሬ ዝርዝሩን የሚመርጠው ራሱ ሙዚቀኛ ነው።

7. መደምደሚያ

ከኒውፖርት የሚገኘው ትምህርት ለአገራችን ተመራማሪም ቅርብ ነው። ኤሊንግተን በ1973 ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ከሙላቱ አስታጥቄ ጋር ተገናኝቷል፤ ከንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ኒሻን ተቀብሏል። የዚያን ዘመን የአገራችንን የሙዚቃ ሕይወት የሚያጠና ተማሪ እጅም በቅድሚያ የሚገባው የቡድኖችና የድምፃውያን ስም ዝርዝር፣ የሸክላ ሽፋንና የኮንሰርት ማስታወቂያ ነው። እነዚህን ሰነዶች መሰብሰብ የሥራው ግማሽ ነው። የቀረው ግማሽ በሽፋኑ ላይ ስማቸው ያልሰፈረ አጃቢዎችን መፈለግ፣ የሬዲዮን ቅጂ ከሸክላው ጋር ማነጻጸርና ከመድረኩ የቀሩት ለምን እንደ ቀሩ መጠየቅ ነው።

የኤሊንግተንን ምሽት እውነት ለማወቅ ከአርባ ዓመት በላይ የፈጀው፣ ሁለተኛው ቅጂ በመደርደሪያ ተቀምጦ ፈላጊ በማጣቱ ነው። ቴፕ ፈላጊውን ሊጠብቅ ይችላል፤ በመድረኩ ላይ የነበረ ሰው ትዝታ ግን ከባለቤቱ ጋር ያልፋል። ስለዚህ ተመራማሪው ዝርዝሩን ይዞ በሕይወት ወዳሉት ሙዚቀኞች መሄድ ያለበት ዛሬ ነው።