ብሮድባንድ ማለት ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰዎች ብሮድባንድ ማለት ፈጣን ኢንተርኔት ነው ይላሉ። ይህ ግን ውጤቱን እንጂ ምክንያቱን አይገልጽም። የቃሉ ፍች ሰፊ የሞገድ ድግግሞሽ ክልል ማለት ነው።

የስልክ ሽቦ የሰውን ድምፅ ሲያስተላልፍ የሚሠራበት ክልል ጠባብ ነው፤ ይኸውም ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለው ነው። ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. ወደ አገራችን ሲገባ በዚሁ ጠባብ ክልል ይተላለፍ ስለ ነበር፣ በሰከንድ ከ56 ሺህ ቢት በላይ አያልፍም ነበር። ኋላ ኤ.ዲ.ኤስ.ኤል. የተባለው ዘዴ በዚያው ሽቦ እስከ 1.1 ሚሊዮን ኸርዝ ድረስ ተጠቀመ። ሽቦው ሳይለወጥ ክልሉ ሰፋ ማለት ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። ከጊምቢቹ ወደ ሆሳዕና የሚወስደው መንገድ ቢሰፋ፣ መኪኖቹ ፍጥነት ባይጨምሩም እንኳ በአንድ ጊዜ ብዙ ሕዝብ ያልፋል። ብሮድባንድም እንዲሁ ነው።

ሆኖም ሰፊውም መንገድ የጋራ ነው። በሰከንድ 4 ሚሊዮን ቢት በሚያሳልፍ መስመር 10 ሜጋባይት የሆነ መጽሐፍ ለአንድ ተማሪ በ20 ሰከንድ ይደርሳል፤ 40 ተማሪዎች በአንድነት ቢያወርዱት ግን 13 ደቂቃ ያህል ይፈጃል።

እንግዲህ ለትምህርት ቤት መስመር ሲታሰብ «ብሮድባንድ ነውን?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። «ስፋቱ ስንት ነው? የሚካፈሉትስ ስንት ናቸው?» ማለት ይገባል።