የብዕር ወንፈል

በጋይንት ምድር ብቻውን ተቀምጦ ሊቅ የሆነ ሰው የለም። ድጓ ሊያስመሰክር ቤተልሔም የገባ፣ ዝማሬ መዋሥዕት ሊያስመሰክር ዙር አባ የወጣ፣ የተክሌን አቋቋም ሊፈጽም ደብረ ታቦር ኢየሱስ የዘለቀ ተማሪ ሁሉ የበሰለው በጉባኤ መካከል ነው። አኮፋዳውን አንግቶ ለምኖ ያመጣውን ቁራሽ ከጓደኛው ጋር ተካፍሎ በልቷል፤ ቀለሙንም እንዲሁ ተካፍሏል። ቀድሞ የገባው ኋላ የመጣውን ያስቀጽላል፣ ኋላ የመጣውም ነገ ሌላውን ያስቀጽላል።

በንፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳ፣ በመካነ ኢየሱስ ሰንበት ትምህርት ቤቶች ውስጥ መነባንብ የምትጽፉ፣ የመዝሙር ግጥም የምታዘጋጁ፣ ለበዓል ጭውውት የምትደርሱ፣ በደብተራችሁ ጥግ መንፈሳዊ ወግ የምትሞክሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። የምነግራችሁም አንድ ነገር ነው፤ የጓደኛችሁን ብዕር ስታበረቱ የእናንተም ይበረታል!

ከቅኔ ቤት እንማር

ከጋይንት በስተምሥራቅ ያለውን የዋድላን ቅኔ ቤት አስቡ። ተማሪው ከሰው ገለል ብሎ ጫካ ውስጥ ቅኔውን ይቆጥራል። በ2 ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምርና ደረጃ በደረጃ 8 ቤት ወዳለው መወድስ ያድጋል። ግን የቆጠረውን ይዞ እዚያው ጫካ ውስጥ አይቀርም። ወደ መምህሩ ወይም ወደ አስነጋሪው ይመጣል፤ ይነግራል። ቤቱ ካልመታ፣ አገባቡ ከተዛነፈ፣ ምሥጢሩ ከሳሳ እዚያው ይነገረዋል። ደግሞ ሲሳካለት፣ ሰሙና ወርቁ ሲገጥምለት፣ ከአድማጮቹ «ይበል!» ይወርድለታል።

ይህን ሥርዓት ልብ በሉት። ብቻን መሆን አለበት፤ ወደ ሰው መመለስም አለበት። እርማት አለበት፤ «ይበል»ም አለበት። ከእነዚህ አንዱ የጎደለበት ጸሐፊ ይጎዳል። ዘወትር የሚታረም እንጂ የማይመሰገን ተማሪ ተስፋ ይቆርጣል፤ ዘወትር የሚመሰገን እንጂ የማይታረም ደግሞ ባለበት ይቀራል።

አስነጋሪውንም ተመልከቱት። እርሱም ገና ተማሪ ነው። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ የሌሎችን ቅኔ ሲሰማ፣ ሲያቃና፣ ስሕተቱን ከነምክንያቱ ሲያስረዳ፣ በራሱ ቅኔ ውስጥ የማይታየው ጉድለት በጓደኛው ቅኔ ውስጥ ወለል ብሎ ይታየዋል። ብዙዎቹ መምህራን በዚህ በር አልፈው ነው ወንበር የዘረጉት። «ለሌላው ጊዜ ሰጥቼ የእኔ ይቀርብኛል» ብላችሁ አትስጉ። ሌላውን ያረማችሁበት ሰዓት የራሳችሁ ትምህርት ሰዓት ነው!

ስሙን ያልፈለገ፣ ሥራውን የፈለገ

ከእኛው አገር ሊቃውንት መካከል ለሌላው ሥራ መድከምን በሕይወታቸው ያሳዩ አሉ። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የግእዝ መዝገበ ቃላት ጀመሩ። ሳይፈጽሙት ሲያርፉ ሥራው በደቀ መዝሙራቸው በአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ እጅ ገባ። አለቃ ኪዳነ ወልድም አስፋፉት፣ ዕድሜያቸውን አፈሰሱበት፤ ሳይታተም በ1936 ዓ.ም. ዐረፉ። ከዚያ ተራው የአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ሆነ። እርሳቸውም የመምህራቸውን ጽሑፍ አዘጋጅተው ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት። የራሳቸው ትልቅ ሥራ፣ ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት፣ የወጣው በ1962 ዓ.ም. ነው።

ቅደም ተከተሉን አያችሁት? መጀመሪያ የመምህሩ፣ ቀጥሎ የራስ። ታዲያ አለቃ ደስታ ምን ቀረባቸው? ምንም አልቀረባቸውም! ዛሬ ግእዝ የሚያጠና ሰው የመምህሩን መጽሐፍ ይገልጣል፤ አማርኛ የሚያጠና ደግሞ የደቀ መዝሙሩን። ሁለቱም ስሞች ጎን ለጎን ቆመዋል።

መጽሐፍ ቅዱስም የሚያሳየን ይህንኑ ነው። ነቢዩ ኤርምያስ እየተናገረ ባሮክ ይጽፍ ነበር። ንጉሡ ኢዮአቄም ያን ክርታስ በካራ እየቀደደ በእሳት አቃጠለው። ባሮክ «የእኔ መጽሐፍ አይደለም» ብሎ ብዕሩን አልጣለም። ኤርምያስ የሰጠውን ሌላ ክርታስ ተቀብሎ እንደገና ጻፈ፤ በቀድሞው ላይም ብዙ ቃል ተጨመረ። የጓደኛችሁ ጽሑፍ ሲጠፋበት፣ ሲነቀፍበት፣ ተስፋ ሲቆርጥ አጠገቡ ተቀምጣችሁ «ና እንደገና እንጀምር» ብትሉት የባሮክን ሥራ ሠራችሁ ማለት ነው።

ቅናት ሲመጣ

እውነቱን እንነጋገር። የጓደኛ ግጥም በዐውደ ምሕረት ተነቦ ሕዝቡ እልል ሲል ልብ ውስጥ ቆንጠጥ የሚያደርግ ነገር ይመጣል። ይምጣ፤ ግን አታስቀምጡት። ቅኔ ቤት አንድ ታላቅ እውነት ያስተምራል፤ የትናንቱ ቅኔ ለዛሬ አይሆንም፣ ለዛሬው በዓል አዲስ ይቆጠራል። የእግዚአብሔር ምስጋና ተነግሮ አያልቅም። ጓደኛችሁ ዛሬ ያገኘው ምሥጢር ከእናንተ ድርሻ የተቀነሰ አይደለም። የእናንተ ገና አልተነካም!

እንግዲህ ወንፈል እንግባ

ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ባለችው ንፋስ መውጫ ዙሪያ ገብስ ሲደርስ ገበሬው ብቻውን አይጨነቅም። ወንፈል ይገባል። ዛሬ የአንዱ ማሳ ይታጨዳል፣ ነገ የሌላው። ማሳው ትንሽ ነው ተብሎ ተራ የሚነፈገው የለም። ብዕራችሁንም በዚህ ሥርዓት አስኪዱት።

ሦስት፣ አራት ሆናችሁ ተሰባሰቡ። በየሳምንቱ የአንድ ሰው ጽሑፍ ብቻ ይቅረብ፤ ሁላችሁም ለዚያ ጽሑፍ ኑ። ጸሐፊው ራሱ አያንብብ፣ ጓደኛው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብለት። አንባቢው የተደናቀፈባት ቦታ እርማት የምትፈልገው ቦታ ናትና ምልክት አድርጉባት። መጀመሪያ ያማረውን ተናገሩ፤ «ጥሩ ነው» ብቻ ብላችሁ አትለፉ፣ የትኛዋ ስንኝ ልባችሁን እንደነካች ለይታችሁ ንገሩት። ቀጥሎ ጉድለቱን ከነመፍትሔው አሳዩት። ነገረ ሃይማኖት ያለበትን ደግሞ በሕዝብ ፊት ከመነበቡ በፊት ለመምህር አቅርቡ፤ ይህም ጓደኛን ከስሕተት መጠበቅ ነው።

ኮምፒውተር ያለው ለሌለው ይተይብለት። ፊደል አጣርታ የምታውቅ እኅት ለሌላው ታርምለት። መዝሙሩ ሲዘመር፣ ጭውውቱ ሲታይ የደራሲው ስም ይጠራ። ዝም ያለውን፣ ደብተሩን ደብቆ የሚዞረውን ታናሽ ፈልጋችሁ ተራ ስጡት፤ ነገ ከሁላችሁ የሚበልጠው እርሱ ሊሆን ይችላል።

በየአድባራቱ ያሉትን የብራና መጻሕፍት መጨረሻ ያየ ሰው አንድ ነገር ያውቃል። እዚያ ምሕረት የሚለመነው ለጸሐፊው ብቻ አይደለም። ለጻፈው፣ ላጻፈው፣ ላነበበው፣ ለተረጐመው፣ ቃሉንም ለሰማው በአንድነት ይለመናል። አባቶቻችን መጽሐፍን የአንድ ሰው ሀብት አድርገው አላዩትም። በዚያ ዝርዝር ውስጥ ለሁላችሁም ቦታ አለ፤ ዛሬ የምትጽፉት እናንተ ባትሆኑ እንኳ የምታጽፉ፣ የምታነብቡ፣ የምትሰሙ ልትሆኑ ትችላላችሁ።

ስለዚህ የሚመጣውን ሰንበት አትጠብቁ። ዛሬውኑ አንድ ጓደኛ ምረጡና «የጻፍከውን አምጣው፣ ላንብብልህ» በሉት። ስታነብቡለት በርቱ፣ ስታርሙለት ራሩ፣ ሲሳካለት ደግሞ ከማንም ቀድማችሁ «ይበል!» በሉ።