ሐይቅና አምባሰል ለሚሄድ ነጋዴ፤ የስልክ ካርታ የሚያውቀውና የማያውቀው

ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ ያለው 401 ኪሎ ሜትር መንገድ ለነጋዴ አዲስ አይደለም፤ ሾፌሩም ደላላውም በቃሉ ያውቀዋል። ከደሴ አልፎ ወደ ሐይቅ ከተማ፣ ከዚያም ወደ ውጫሌና ወደ አምባሰል ገጠር ቀበሌዎች ሲገባ ግን ብዙው ሰው ስልኩን አውጥቶ ካርታ ማየት ለምዷል። እህል ሊጭን የሚሄደውም ሆነ በሐይቁ ዳር ቦታ ሊያይ የሚወርደው ባለሀብት መንገዱን ስክሪኑን ይጠይቃል። መሣሪያው ጥሩ ነው። ኪሳራ የሚመጣው የሚያውቀውንና የማያውቀውን ሳይለዩ በእሱ ላይ ተመሥርቶ የጭነት ዋጋ መቁረጥ ወይም ቀብድ መክፈል ሲመጣ ነው።

በመጀመሪያ ጂፒኤስና ካርታ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን መለየት ያስፈልጋል። ጂፒኤስ የአሜሪካ መንግሥት የሳተላይት አገልግሎት ነው። ስልኩ ቢያንስ ከአራት ሳተላይቶች የሚመጣውን ምልክት ተቀብሎ ያለበትን ቦታ ያሰላል። ለዚህ ክፍያ የለም፤ የቴሌ ኔትወርክም አያስፈልግም። እስከ 2000 እ.ኤ.አ. ድረስ አሜሪካኖች ለሲቪል ተጠቃሚ የሚደርሰውን ምልክት ሆን ብለው ያዛቡት ስለነበር ስህተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። ዛሬ ሰማዩ በተገለጠበት ቦታ ተራ ስልክ በጥቂት ሜትሮች ልዩነት ቦታውን ይናገራል። ገደል ሥር ሲገባ ይደነባበራል፤ ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። ከዋሻው ሲወጡ ጥቂት መታገሥ እንጂ መደናገጥ አይገባም።

ካርታው ግን ከኢንተርኔት የሚመጣ ነው። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር የማያስታውስ ነጋዴ የለም። በዚያን ጊዜ ካርታውን አስቀድሞ በስልኩ የጫነ ሰው ኢንተርኔት ባይኖርም ያለበትን ማየት ይችል ነበር። ያልጫነው በባዶ ስክሪን ላይ አንዲት ሰማያዊ ነጥብ ከማየት አያልፍም። ኦስማንድና ኦርጋኒክ ማፕስ የተባሉት ፕሮግራሞች የኢትዮጵያን ካርታ አስቀድመው እንዲያወርዱ ይፈቅዳሉ። ሁለቱም የሚጠቀሙት ኦፕን ስትሪት ማፕ በተባለው፣ በጎ ፈቃደኞች በሚሠሩት ካርታ ነው። ስለዚህ አንዱ ቀበሌ እስከ እግር መንገዱ ተስሎ ጎረቤቱ ባዶ ሆኖ ቢገኝ የሚያስደንቅ አይደለም።

ዋናው ጣጣ ያለው ስም ላይ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. ሁለት ስዊድናውያን ካፕሪ ወደምትባለው የጣልያን ደሴት ሊሄዱ መሣሪያቸው ላይ ፊደል አቀያይረው ካርፒ ብለው ጻፉ። በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀው ሰሜን ጣልያን ካለች የኢንዱስትሪ ከተማ ደረሱ። የቤት ቁጥርና የፖስታ ኮድ ባለበት በአውሮፓ ይህ ከሆነ፣ የእኛው አገር ጉዳይ ምን ሊሆን ነው? ሐይቅ የከተማም የውኃም ስም ነው፤ በአማርኛ በሐመሩ «ሐ»ም በሃሌታው «ሀ»ም ይጻፋል፤ በላቲን አንዱ በ«ኬ»፣ ሌላው በ«ኪው» ይዘጋዋል። መሣሪያው የመረጠው የውኃውን ስም ከሆነ መድረሻውን ሐይቁ መካከል ያስቀምጥና፣ ለዚያ ነጥብ ቅርብ ወደሆነው መንገድ ይመራል። ያ መንገድ ከከተማው በተቃራኒው ዳርቻ ሊሆን ይችላል። ውጫሌም እንዲሁ በላቲን የሚጻፍበት መንገድ ብዙ ነው፤ ጣልያኖቹ ኡቻሊ ይሉታል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል በአንቀጽ 17 የአማርኛና የጣልያንኛ ቅጂ ልዩነት ምን እንዳመጣ ለወሎ ሰው መንገር አያስፈልግም።

ለዚህ መፍትሔው ከስም ይልቅ ኮኦርዲኔት መቀባበል ነው። ደላላው ቦታው ላይ ቆሞ ከስልኩ ያነበበውን ሁለት ቁጥር ይላክ። ቅደም ተከተሉ ግን መጠበቅ አለበት፦ ኬክሮስ ይቀድማል፣ ኬንትሮስ ይከተላል። ሐይቅ ከተማ በ11.3 ሰሜንና በ39.7 ምሥራቅ አካባቢ ትገኛለች፤ ቁጥሮቹን ያገላበጠ ሰው ራሱን በሰርዲኒያና በጣልያን የብስ መካከል ባሕር ላይ ያገኘዋል። ከነጥቡ በኋላ ያሉት አኃዞችም ዋጋ አላቸው። ሁለት አኃዝ ብቻ ሲጻፍ አንዱ እርምጃ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አራት ሲሆን 11 ሜትር ያህል። በሐይቅ ዳር ቦታ ለሚገዛ ሰው ይህ ልዩነት በደረቅ መሬትና በውኃ መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ከዚህ የሚብስ አንድ አለ። የቀድሞው የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ድርጅት ያዘጋጃቸው የወረቀት ካርታዎችና ከእነሱ የተቀዱ የቦታ ፕላኖች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው መነሻ ሲሆን፣ ስልክ የሚጠቀመው ደብሊው ጂ ኤስ 84 የሚባለውን ነው። የአንዱን ቁጥር በሌላው ላይ እንዳለ ያስገባ ሰው ከትክክለኛው ቦታ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ይስታል። ፕላኑ ላይ የትኛው እንደተጻፈ ሳያዩ «ስልኬ ሌላ ቦታ ነው የሚያሳየው» ብሎ ሻጭን መክሰስም፣ ዝም ብሎ መክፈልም ያው ስህተት ነው።

ርቀትን በተመለከተ ግሸን ማርያም ጥሩ ማስተማሪያ ናት። ግሸን ያለችው አምባሰል ወረዳ ውስጥ ነው፤ የወረዳው ከተማ ደግሞ ውጫሌ ናት። በስልክ ካርታ ላይ በቀጥታ መስመር ሲለካ በሁለቱ መካከል ያለው 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። በመካከሉ ግን የአምባሰል ተራራ አለ። የተለመደው የመኪና መንገድ ከደሴ በኩታበር በኩል የሚወጣው፣ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ነው። ስለዚህ ውጫሌ ያለ መኪና መጀመሪያ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደሴ መመለስ አለበት፤ 30 የተባለው 140 ሆነ ማለት ነው። በ30 ኪሎ ሜትር ሒሳብ የጭነት ዋጋ የተስማማ ነጋዴ የናፍጣውን ልዩነት ከኪሱ ይከፍላል። ፕሮግራሙ «በእግር» በሚለው ላይ ተቀምጦ ከሆነ ደግሞ በእርግጥም አቋራጭ ያወጣል፤ አቋራጩ የበቅሎ መንገድ ነው።

የሰዓቱ ግምትም እንደዚሁ መታየት አለበት። ፕሮግራሙ የሚያስበው ቀላል መኪና ነው፤ የተጫነ አይሱዙ ዳገት ላይ እንዴት እንደሚጎተት፣ ክረምት ላይ ፒስታው እንዴት እንደሚላቁጥ፣ በገበያ ቀን ከብት መንገዱን እንዴት እንደሚሞላው አያውቅም። በጸጥታ ምክንያት መንገድ ሲዘጋም ቀድሞ አይሰማም። በዚያው ጠዋት ከወልድያ ወይም ከውጫሌ የመጣ ሾፌር ግን ያውቃል፤ ደሴ ላይ ሻይ ገዝቶ እሱን መጠየቅ ከማንኛውም ፕሮግራም ይሻላል።

ባለ መኪናው ግን ኦስማንድን ለሌላ ነገርም ሊጠቀምበት ይችላል። ፕሮግራሙ የተሄደበትን መስመርና የፈጀውን ሰዓት ይመዘግባል። ሁለት ሦስት ጉዞ ከተመዘገበ በኋላ ከሐይቅ ውጫሌ ያለው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በራሱ መኪና፣ በራሱ ጭነት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ በእጁ ይገባል፤ የናፍጣ ደረሰኝም ከዚያ ጋር ይመሳከራል። ይህን የማይወዱ ሾፌሮች መኖራቸው አይቀርም፤ ስለዚህ መዝገቡ ከመጀመሩ በፊት ቢነገራቸው ይሻላል።